የጭቃዋ ሴት ከካርቱም ስትወጣ

ፈሉካዋ፣ የዓባይ ጀልባዋ፣ ከዳር ስትላቀቅ ማዘንጊያ ወደ ኋላዋ ለመዞር አልደፈረችም። ብትዞር ዘላ ወርዳ ወደ ሰፈሯ ወደ ዴም እንደምትመለስ ታውቀዋለች። ዓይኗን በምሥራቁ ዳርቻ ላይ ተክላ፣ ጭኗ ላይ ያለውን የሐላዋ ጣፋጭ ቆርቆሮ በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘች። ጥቁር ዓባይ የክረምቱን ጎርፍ ጠጥቶ ደፍርሷል፤ የተነቀለ ግንድ፣ የሞተ በግ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፍራሽ እያንከባለለ ይነጉዳል።

ቆርቆሮው ውስጥ ጥጥ አለ። ጥጡ ውስጥ ደግሞ መዳፍ የማትሞላ የጭቃ ሴት ተኝታለች፤ ዳሌዋ የሰፋ፣ ሆዷ የተነፋ፣ ፊቷ በሁለት ጣት ከተቆነጠጠ አፍንጫ በስተቀር ምንም የሌለው። ከከተማው በስተደቡብ፣ ወንዙ ዳር፣ ጥንት ሰዎች ሰፍረው በተዉት ቦታ ከአንድ ትንሽ ልጅ መቃብር ተቆፍራ የወጣች ናት። ማዘንጊያ በዚያ ቁፋሮ የሸክላ ዕቃ መርማሪ ነበረች። ጦርነቱ ሲመጣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የነበረውን ቢሯቸውን ዘራፊዎች ገቡበት። ማቀዝቀዣውንና ኮምፒዩተሩን ጭነው ሲሄዱ ይህችን፣ ጭቃ ምን ይሠራልናል ብለው ነው መሰል፣ ወለል ላይ ትተዋት ሄዱ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ሥራ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

የቁፋሮው ኃላፊ ሉጥፊያ፣ አሁን ገዳሪፍ ተሰዳ የምትኖረውና ማዘንጊያ ምስሏን ይዛ የምትሄድላት፣ ሴቲቱ የመራባት አምላክ ናት ትል ነበር። ማዘንጊያ ደግሞ መውለድ የፈለገች ሴት ለስለት ያስገባቻት ምስል ናት ብላ ትከራከራለች። ሁለቱም የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ጭቃዋ እሳት ያልነካት መሆኗን ነው። በደረቅ ብሩሽ እንጂ በእርጥብ እጅ አትነካም። ጠብታ ውሃ ካገኛት ትፈርሳለች።

ማዘንጊያ ግን ነፍሷን ለአደጋ የምትጥለው ለዕውቀት ስትል ብቻ አልነበረም። ልጇ ሜላት የስኳር በሽተኛ ነበረች። መርፌው ከከተማው ሲጠፋ፣ እናት ከባሕሪ እስከ ዴም ያልደበደበችው የመድኃኒት ቤት በር የለም። አላገኘችም። ወደ መቃብር ቦታው የሚወስደው መንገድ በጥይት ስለተዘጋ ልጅቷን ካህን ሳይፈታት በተከራዩት ግቢ ውስጥ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ቀበሯት። አሁን ያንን ግቢ ጥላ መሄዷ ነው። አንዷን ማትረፍ አልቻልኩም፣ ይህችን ግን ካላተረፍኩ ሰው አይደለሁም ብላ ምላለች።

አጠገቧ የተቀመጡት እትዬ ኪዳነምሕረት ናቸው፤ በዴም ቅመም ሲሸጡ ያረጁ፣ ሜላትን በጀርባቸው ያሳደጉ ጎረቤት። ቀዛፊው ኦመር የቁፋሮው ሾፌር የነበረ ሰው ነው። ፒክአፑን ወዲያ ማዶ መንደሩ ደብቆ፣ ሊያሻግራቸው መጣ።

መሃል ላይ ሲደርሱ የደቡቡ ሰማይ ቡናማ ሆነ። ሀቡብ ነበር፤ አሸዋው ከምድር እስከ ሰማይ ተነሥቶ ከተማውንም ወንዙንም ዋጠ። ፈሉካዋ በጎኗ ተጣለች፣ ውሃ ገባ፣ መቅዘፊያው ከኦመር እጅ ሊያመልጥ ደረሰ። «ውሃውን ቅዱት!» አለ ኦመር። ማዘንጊያ ግን ቆርቆሮውን ከራሷ በላይ አንሥታ፣ በሁለት እጇ ወደ ሰማይ ይዛ ቆማለች። ውሃውን የቀዱት እትዬ ኪዳነምሕረት ናቸው፤ በድስት ክዳን፣ እየሳሉ፣ እየጸለዩ። ጀልባዋ ማዶ ዳር ሸምበቆ ውስጥ ስትወተፍ ኦመር አሸዋ የሞላ አፉን ተጉመጥምጦ ተፋ።

«ኡስታዛ፣ ዋላሂ፣ ለጭቃ ብለሽ ልታሰጥሚን ነበር።»

ማዘንጊያ ቆርቆሮውን አውርዳ ደረቅ መሆኑን ዳሰሰች። አፍራለች፣ ግን አልተጸጸተችም።

ወደ ገዳሪፍ የሚወስደው ዋናው መንገድ ኬላ በኬላ ስለሆነ በቡጣና ሜዳ አቋርጠው ሊሄዱ ወሰኑ። ቡጣና ዛፍ የማይበዛበት፣ ዓይን ማረፊያ የሚያጣበት አገር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ጥቁሩ አፈር ጎማ ይበላል። ዝናቡ አገኛቸው። ፒክአፑ እስከ ሆዱ ሰመጠ። ገፉ፣ ቆፈሩ፣ ጨርቅ አነጠፉ፤ ሞተሩ ጠፋ እንጂ መኪናው አልተነቃነቀም። ሲመሻሽ ጅቦቹ መጡ። መጀመሪያ ድምፃቸው፣ ቀጥሎ ሽታቸው፣ ከዚያ ራሳቸው። አንዱ ከኋላ ዘሎ የምግቡን ጆንያ ጎትቶ አወረደ። ኦመር ትርፍ ጎማውን አቃጠለ፤ ማዘንጊያ አካፋ ይዛ ወረደችና ከጎኑ ቆመች። ጭሱ እያስለቀሳቸው፣ ጅቦቹ ጆንያውን ሲቀዳድዱ እያዩ፣ እሳቱ እንዳይጠፋ ሲታገሉ ቆዩ።

እትዬ ኪዳነምሕረት ጋቢናው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ፤ ከቆርቆሮው ጋር። ጭቃዋ ቀድሞም አላማረቻቸውም። ማዕበሉ፣ ጭቃው፣ አሁን ደግሞ አውሬው፤ ይህ ሁሉ ከመቃብር የወጣ ጣዖት ተሸክመን ነው አሉ በሆዳቸው። ከመተማ በሰው እጅ የመጣላቸው ጸበል በትንሽ ጠርሙስ ደረታቸው ውስጥ ነበር። ቆርቆሮውን ከፈቱ፣ ጥጡን ገለጡ፣ በስመአብ ብለው ረጩባት። ለክፋት አልነበረም። የሚያውቁት መድኃኒት እሱ ነው።

ጧት ማዘንጊያ ክዳኑን ስታነሣ ጥጡ የጭቃዋ ሴት ሆድ ላይ ተጣብቋል። ትከሻዋ ቀልጦ ወርዷል፤ ሆዷ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ማንም ምንም ሳይነግራት የጸበሉ ጠርሙስ ባዶ መሆኑን አየች።

«ምን አደረጓት፣ እትዬ?»

«ርኩስ መንፈስ እንዳይከተለን ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ማዘንጊያ አልጮኸችም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አሮጊቷን ማናገር አቆመች። ፀሐይዋ የምስሏን ጭቃ ስታደርቅ ስንጥቁ እየሰፋ ሄደ። መኪናዋን ፈልቅቀው ጉዞ ቀጠሉ፤ ሦስት ሰው በአንድ ጋቢና፣ ማዘንጊያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

የጉድጓድ ውሃ ሊቀዱ በቆሙበት ሞተር ብስክሌቶች ከበቧቸው። ወርቅ ፍለጋ ሜዳውን የሚያምሱ፣ ባያገኙ መንገደኛ የሚዘርፉ ታጣቂዎች ናቸው። አለቃቸው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጋቢናውን በረበረ፣ ቆርቆሮውን አወጣ።

«ደሀቡ እዚህ ነው? ወርቁ?»

«ጭቃ ናት» አለች ማዘንጊያ።

«ጭቃን ማን ጥጥ ያለብሰዋል?»

ሴቲቱን ወደ ፀሐይ አዞራት። ስንጥቁ ውስጥ አንዲት ነጭ ነገር ብልጭ አለች። ያኔ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ሰውየው ጭቃዋን ድንጋይ ላይ አጋደመና የጠመንጃውን ሰደፍ አነሣ። እትዬ ኪዳነምሕረት፣ ያቺን ጣዖት ያሉ አሮጊት፣ ሄደው ድንጋዩ ላይ ተደፉ። የማዘንጊያ ሕይወት በዚያች ጭቃ ላይ መሆኑን ከማዘንጊያ ፊት አይተዋል፤ ሌላው አልታያቸውም። ሰውየው በእግሩ ገፍትሮ ከመሬት አጋጫቸው፤ ግንባራቸው ደማ። ሰደፉን መልሶ ሲያነሣ ማዘንጊያ እጁን ያዘችው።

«ተዋቸው። እኔ እከፍታታለሁ።»

ይህን እጇ ለዓመታት የተማረው ነገር አይፈቅደውም ነበር። ግን ተንበረከከች፣ ሁለቱን አውራ ጣቶቿን ስንጥቁ ውስጥ አስገባች፣ ጭቃው በዝግታ እጅ ሰጠ። ሆዷ ለሁለት ተከፈለ። መዳፏ ላይ የወደቀው ነጭ ነገር ወርቅ አልነበረም።

ሰውየው አነሣው፣ አገላበጠው።

«የልጅ ጥርስ ነው» አለ። ቶሎ ብሎ መዳፏ ላይ መለሰውና ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ የቤንዚኑን ጀሪካንና የኦመርን ስልክ አስጫነ። «ያላ» አለ ሰዎቹን፣ አቧራ ሆነው ሄዱ።

ማዘንጊያ ከተንበረከከችበት አልተነሣችም። የወተት ጥርስ ነው፤ ልጁ በሕይወት ሳለ የወለቀ። አንድ ሰው ጠብቆ አኑሮታል። መውለድ የለመነች ሴት የሌላ ልጅ ጥርስ ሆዷ ውስጥ አትሸሽግም። የዚያ ሰፈር ታሪክ ደግሞ በአፈሩ ላይ ተጽፎ አይታዋለች፤ ወንዙ ሞልቶ ሰፈሩን ደለል ሲያለብሰው ሰዎቹ ተነሥተው ሄዱ፣ አልተመለሱም። እንግዲያው አምላክም ስለትም አይደለችም። ልጇን ቀብራ ለመሄድ የተገደደች እናት ናት። ራሷ መቅረት ባትችል፣ ራሷን ሠርታ ትታለት ሄዳለች።

ሜላት ከሞተች ወዲህ ያልመጣው እንባ እዚያ ሜዳ ላይ መጣ። አፏን ከፍታ፣ አፈር እየጨበጠች አለቀሰች። እትዬ ኪዳነምሕረት እየዳሁ መጥተው አቀፏት፤ የግንባራቸው ደም ቀሚሷን ነካው።

«ይቅር በይኝ። ጣዖት መስላኝ ነው።»

«እናት ናት፣ እትዬ» አለች ማዘንጊያ። ነጠላዋን ቀድዳ ግንባራቸውን አሰረችላቸው።

ታንኩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እስከቻለ ነዱ። ሲያልቅ በእግር ሄዱ፤ አሮጊቷን ኦመርና ማዘንጊያ እየተቀባበሉ አዘሉ፤ ቆርቆሮው አሁን በገመድ ከማዘንጊያ ወገብ ተንጠልጥሏል። ከአካፋውና ከውሃ መያዣው ጋር ይላጋል፣ እሷም ዞራ አታየውም። በመጨረሻ ማሽላ የጫነ መኪና ራራላቸው።

ሉጥፊያ በገዳሪፍ ጠባብ ክፍሏ ውስጥ ስብርባሪውን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋችና ቁራሹን አንድ በአንድ አየችው። ለምን ተሰበረች ብላ አልጠየቀችም። የማዘንጊያን ትርጓሜ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከአንድ ጥርስ ያን ያህል ነገር ማረጋገጥ እንደማይቻል ተናገረች፣ ማዘንጊያም እውነቷን ነው አለች።

«‹ምናልባት› ብለን እንጽፈዋለን» አለች ሉጥፊያ።

«ጻፊው። ለእኔ ግን ምናልባት አይደለም።»

ኦመር ካርቱም የቀረ ወንድሙን ፍለጋ ሊመለስ ነው። እብድ ነህ ተብሏል፣ ኢንሻአላህ ብቻ ነው የሚለው። በሚሄድበት ጧት ማዘንጊያ ከግቢው ዳር ጥቁር ጭቃ ቆፍራ አመጣች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ስትጠርግና ስትለካ እንጂ ስትሠራ ኖራ በማታውቅ እጇ ማድቦልቦል ጀመረች። ዳሌ አወጣች፣ ሆድ አወጣች፣ አፍንጫ ቆነጠጠች። ከጸጉሯ ዘለላ ቆርጣ ውስጧ አኖረች። ኦመር ወስዶ የት እንደሚቀብራት ጠየቃት፤ ዴም፣ ግቢው፣ ከኒሙ ሥር አለችው። እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

እትዬ ኪዳነምሕረት ግንባራቸው እንደታሰረ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩ። ማዘንጊያ ይገሥጹኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን መጡና አጠገቧ ተቀመጡ፣ ከጭቃው ቆንጥረው በመዳፋቸው ያሹ ጀመር።

«ያቺኛዋ እጅ አልነበራትም» አሉ። «ለዚች እጅ እንሥራላት። ሜላትን በምን ትቀፋት?»