በፕላስተር የታሸገው ካርቶን

እዚህ ቤይሩት፣ ናባዓ ሰፈር ውስጥ ክፍል የተከራየች ኢትዮጵያዊት ሁሉ የሰው ዕቃ ጠባቂ ናት። በአሠሪ ማዳሞቻቸው ቤት የሚያድሩት እኅቶቻችን የራሳቸው የሚሉት ጥግ ስለሌላቸው፣ የገዙትን ሁሉ እሁድ በዕረፍታቸው ቀን ተሸክመው ወደ እኛ ያመጣሉ። አንዷ ብርድ ልብስ፣ አንዷ ብርጭቆ፣ አንዷ ለልጇ ሠርግ የሚሆን ጨርቅ። በፕላስተር ግጥም አድርገው ያሽጉትና ስማቸውን ይጽፉበታል። "ለአገሬ ነው" ይላሉ። እኔም ተቀብዬ ከግድግዳው ጋር እደረድራለሁ። አልጋዬ አጠገብ ለጸሎት የምቆምባት ቦታ ብቻ እስክትቀር ድረስ ክፍሌ በካርቶን የሞላበት ጊዜ ነበር።

ከእነዚያ ካርቶኖች ስለ አንዱ ልንገራችሁ። የሲቲና ነበር።

ሲቲና ወሎ ውስጥ የሐይቅ ከተማ ልጅ ናት። ቤይሩት ስትመጣ ገና ለጋ ነበረች። መዝረዓ በሚባል ሰፈር ማዳም ሳልማ የሚባሉ ባልቴት ቤት ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቤት አላየችም። ይህ የክፉ ማዳም ታሪክ እንዳልሆነ ከወዲሁ እወቁልኝ። ሴትዮዋ ደግ ነበሩ። ሲቲና ከማድቤቱ ጀርባ የራሷ ክፍል ነበራት፣ በክረምት ማሞቂያ ይገባላት ነበር፣ እሁድ እሁድ ትወጣ ነበር። ብዙዎቻችን ያላገኘነውን አግኝታለች።

"ወላሂ አበበች፣ በዚያ ቤት ዓይኔን ጨፍኜ እሄዳለሁ" ትለኝ ነበር። "ማንኪያው ሳይቀር ያውቀኛል።"

ሕልም ግን ነበራት። ኮምቦልቻ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ የመናኢሽ ቤት መክፈት። መናኢሽ የዚህ አገር ሰው ጠዋት ጠዋት የሚበላው፣ ዘይትና ዘዕተር የሚሉት ቅመም የተቀባ ስስ ዳቦ ነው። ማዳም ሳልማ ሲቲና ካልጋገረችው አይበሉም ነበር። እንግዳ ሲመጣ "የሲቲናን እጅ ፓሪስም ሄዳችሁ አታገኙትም" ይላሉ። እንግዶቹም ከወይራውና ከአይቡ ጋር እየጎረሱ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ለዚህ ሕልም ብላ ሲቲና ከአንድ የተዘጋ ዳቦ ቤት የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ገዛች። ተሸካሚዎቹ ደረጃዬን እየረገሙ አወጡት። ቀጥሎ መዳመጫ መጣ፣ ቀጥሎ ትሪ፣ ቀጥሎ ነጭ ሽርጥ። ሁሉም በአንድ ትልቅ ካርቶን ገብቶ ታሸገ። በላዩ ደግሞ የጎረቤቴ የሃይሚ ካርቶን ተቀመጠበት። ሃይሚ በሰዓት እየተከፈላት ቤት የምታጸዳ ልጅ ናት፤ ደብረ ብርሃን ላይ የፀጉር ቤት ልትከፍት ካስክና ማድረቂያ ታጠራቅም ነበር።

"አንድ እሁድ እንሞክረው እንጂ" ስላት ሲቲና ራሷን ትነቀንቃለች።

"ሲሟላ። ገና ሚዛኑ ቀርቷል። ሁሉ ሲሟላ በአንድ ቀን እከፍተዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።"

ያን ጊዜ ሲሀም የምትባል የከሚሴ ልጅ ከእኛ ፎቅ በታች ትኖር ነበር። እሷም በሰዓት ነው የምትሠራው። አንድ እሁድ እየሮጠች ገባችና ሲቲና አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ሳለ ፊቷ ቆመች።

"ሙዓለም ሃጎፕን አናግሬዋለሁ" አለች። ሙዓለም ጌታው እንደ ማለት ነው፤ ሃጎፕ ከሕንፃችን ሥር ዳቦ ቤት የነበረው አርመናዊ ነው። "እሁድ ቀትር ላይ ምድጃውን ያጠፋል። ግለቱ ሳይወርድ ተጠቀሙበት ብሎናል። ያላ እትዬ ሲቲና፣ እጅ ከአንቺ፣ እግር ከእኔ። ጥቂት እንጋግርና እኅቶችን እናቅምስ።"

"የት ሆነን?"

"በሩ ላይ ነዋ።"

"የማዳሜ ልጅ በዚያ ቢያልፍስ? ያኒ ገረድነቱ አልበቃት ብሎ ዳቦ ይዛ መንገድ ወጣች ይበሉኝ?"

"ይበሉሻ። መጀመሪያ ግን ይቅመሱት።"

ሲሀም አጠገቧ ተቀመጠች። አንድ ማኅበር እሁድ እሁድ ለሠራተኞች የሚሰጠውን ሥልጠና ትከታተል ነበርና የሰማችውን አመጣች።

"አስተማሪያችን ምን አለች መሰለሽ፣ እነዚያ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠሩት ሰዎች ሁሉን ጨርሰው አያወጡም። ትንሿን ይሠራሉ፣ ለሰው ያሳያሉ፣ 'ምን ጎደለው?' ብለው ይጠይቃሉ። የጎደለውን አስተካክለው ይደግማሉ። ሥራ መቀየርም እንደዚያ ነው አለች። ካሉበት ዘሎ መውጣት አይደለም። አንድ እግርን አውጥቶ መሬቱን መንካት ነው።"

"እኔ ሊጥ እንጂ ኮምፒውተር አላቦካ" አለች ሲቲና እየሳቀች። "ሊጡን ደግሞ አውቀዋለሁ። የማታውቂው አንቺ ሞክሪ።"

"እሺ፣ እሞክራለሁ።"

ሞከረች። የመጀመሪያው እሁድ ጉድ ነበር። ዳቦው ደርቆ እንደ እንጨት ሆነ።

"ይሄ ለጫማዬ ሶል ይሆነኛል" አለቻት አንዷ ሴት በሰው መሀል።

"ቁጥርሽ ስንት ነው?" አለች ሲሀም፣ አብራ እየሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሴትዮዋን ለብቻዋ ይዛ "ምን ጎደለው?" ብላ ጠየቀቻት። በሚቀጥለው እሁድ ውኃ ጨመረች። ከዚያ ሊጡን ረዘም አድርጋ አሳረፈችው። ሌላዋ "የዘዕተሩ ሽታ ሰለቸኝ፣ ማዳሜ ቤት ሳሸተው ነው የምውለው" ስትላት በርበሬ በዘይት ለውሳ ቀባችበት። በርበሬው ሲወጣ የሃጎፕ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ሲሀም ሥራዋን በአንዴ አልለቀቀችም። ከምታጸዳቸው ቤቶች አንዱን ተወች፤ ሲሆንላት ሌላውን።

ሲቲና እሁድ እሁድ እየመጣች ትበላለች። "ሊጡ ገና ነው" ትላለች። "የእኔን ብትቀምሱ።"

"አቅምሺና፣ ማን ያዘሽ?" ይሏታል።

"ሲሟላ።"

ከጊዜ በኋላ ሲሀም ያጠራቀመችውን ይዛ አገሯ ገባች። ከኮምቦልቻ በድምፅ መልእክት ላከችልኝ። መናኸሪያው አጠገብ አልተሳካላትም፤ ውስጥ ለውስጥ ባለ መንገድ ላይ ጠባብ ቤት ይዛለች። መብራት ይጠፋል፣ ዘይት ይወደዳል። "ጥሩ ነው አልልሽም እትዬ፤ ግን የኔ ነው" አለች። "ለእትዬ ሲቲና ቦታ አለሽ በያት። እጇን እፈልገዋለሁ። አብረን እንሠራለን።"

ስልኩን ሲቲና ጆሮ ላይ አድርጌ መልእክቱን አሰማኋት። ሁለት ጊዜ ሰማችው።

"ማዳሜ ታማብኛለች" አለች። "እንዲህ ሆና ጥያት ልሂድ? ደግሞስ ሰው ቤት ተለጥፌ? የራሴን ነው የምከፍተው።"

ሳዳምጣት ታማኝነቷ እውነት ነበር። ፍርሃቷም እውነት ነበር። ሁለቱ አንድ ልብስ ለብሰው ስለሚመጡ፣ የያዛቸው ሰው ራሱ አይለያቸውም። እኔ በጸሎቴ ከማሰብ በቀር ያደረግሁላት ነገር የለም።

ማዳም ሳልማ በክረምቱ ማብቂያ ሞቱ። ልጆቻቸው ከውጭ አገር መጡ። ከሲቲና ጋር ተቃቅፈው አለቀሱ፣ የእናታቸውን ሻል ሰጧት። ቀብሩ ካለፈ በኋላ ግን "ቤቱን ልንዘጋው ነው ሲቲና፣ ኸላስ፣ አበቃ" አሏት። የመኖሪያ ፈቃዷ በሟቿ ስም ነበር። ቶሎ ሌላ ቤት ካልገባች ወረቀት አልባ ልትሆን ነው። ያን ያህል ዘመን ዓይኗን ጨፍና የምትሄድበት ቤት፣ በአንድ ሳምንት ቁልፉ ተቀየረ።

አንዲት ሻንጣ ይዛ መጣችና የሃይሚን ካርቶን አውርዳ የራሷ ላይ ተቀመጠች።

"አበበች፣ ቢላዋ ስጪኝ።"

ፕላስተሩን ቀደደችው። ማሽኑን አውጥተን ጠራርገን ሰካነው። አንድ ጊዜ አጉረመረመና ደረጃው በሙሉ ጨለመ። ጎረቤቶች ከየበሩ በዐረብኛ ይጮኹ ጀመር። ለሕንፃው መብራት የሚያከራየው የጄኔሬተሩ ሰው መጥቶ ማሽኑን አየና ትከሻውን ነቀነቀ።

"ይሄ የፋብሪካ ነው እኅቴ" አለ። "በዚህ ሕንፃ የሚሸከመው መስመር የለም።"

"ወደ ሃጎፕ እንውሰደው" አለች ሲቲና።

ሃጎፕ ግን ልጁ ዘንድ ወደ ባሕር ማዶ ከሄደ ቆይቷል። ዳቦ ቤቱ የስልክ መጠገኛ ሆኗል። ሲቲና በየሳምንቱ በሩ ላይ አልፋ ነበር የምትመጣው፤ ምድጃው መነሣቱን ዓይኗ አይቶ ልቧ አላየም።

በእጇ አቦካች። በእኔ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ጋገረች። ሊጡ ሲነፋ፣ ዳር ዳሩ ቡናማ ሲሆን ማየት ደስ ይል ነበር፤ እጇ በእርግጥ የባለሙያ እጅ ነው። እሁድ ሴቶቹን ጠራን። ክፍሌ ሞላ።

"ቆንጆ ነው" አለች አንዷ።

"እጅሽ ይባረክ" አለች ሌላዋ።

እኔ ግን የሰማሁት አፋቸውን ሳይሆን ጣታቸውን ነው። እያንዳንዷ ግማሹን ይዛ ቀርታለች፤ አንዷ በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስታስገባው አየሁ። ሲቲናም አየች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። ከዚያ በሕይወቷ ጠይቃው የማታውቀውን ጥያቄ ጠየቀች።

"ምን ጎደለው?"

ሃይሚ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

"ጨው እትዬ" አለች። "ጨው የለውም።"

"አለው።"

"የለውም እትዬ። ትንሽም የለውም።"

ሲቲና ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ደጋግማ አላመጠችው። "ለእኔ አለው" አለች በመጨረሻ። "ማዳሜን ሐኪሙ ጨው ከለከላት። ደም ግፊት ነበረባት። እኔም የምበላው እሷ የምትበላውን ነው። ከዚያ ወዲህ..."

ያን ያህል ዓመት ለአንድ አፍ ስትጋግር እጇ ጨውን ረስቶታል። እንግዶቹ ራሳቸውን ሲነቀንቁ የነበረው ከጨዋማው ወይራ ጋር እየበሉት ነው። ሃጎፕ ምድጃ ላይ አንዲት እሁድ ብቻ ጋግራ ቢሆን፣ ያቺ የጫማ ሶል ያለችው ሴት በአንድ ቃል ትነግራት ነበር። ማሽኑንም አንዴ ሰክታው ቢሆን ያን ጊዜ ትመልሰው ነበር።

"ይሄማ ቀላል ነው" አልኳት ማታ ሳህን ስናጥብ። "በሚቀጥለው እሁድ ጨው እንጨምራለን።"

ጨው መጨመሩ ቀላል ነው። የሌለው የሚቀጥለው እሁድ ነበር። ለወረቀቷ የሚፈርምላት አንድ ቤተሰብ ብቻ ተገኘ፤ ከከተማው ርቆ ተራራው ላይ፣ ብዙ ልጆች ያሉበት፣ የዕረፍት ቀን የማይሰጥ ቤት። ለሲሀም መልእክት ላክሁላት። ቆይታ መለሰች፤ ድምፅዋ ከብዷል። "የእኅቴን ልጅ አስገብቻለሁ እትዬ። ከሁለት ሰው በላይ አይችልም ቤቱ። ቀደም ብላ ቢሆን..."

"አገርሽ ግቢ" አልኳት ለሲቲና።

"ባዶ እጄን ሐይቅ አልገባም። ምን ይዤ? ምን ሆኜ?"

መኪናው በሚመጣበት ጠዋት ሰግዳ መስገጃዋን ስታጥፍ ዓይኗ ከሃይሚ ካርቶን ላይ ዐረፈ። ቢላዋውን አነሣችና ፕላስተሩን ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው። ሃይሚ ድምፁን ሰምታ ከክፍሏ ሮጣ መጣች።

"እትዬ ሲቲና፣ ምን እያደረግሽ ነው? እሱ ያልተነካ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ" አለች ሲቲና። "የእኔም ያልተነካ ነበር።"

ማድረቂያውን አውጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ሻሿን ፈታችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። "ያላ፣ ከእኔ ጀምሪ።"

ሃይሚ ሰካችው። መብራቱ አልጠፋም። በአንድ በኩል ያለውን ፀጉር ስትስበው የተቃጠለ ነገር ሸተተን።

"ምን ጎደለው?" አለች ሃይሚ፣ ልታለቅስ ደርሳ።

"ግለቱ በዝቷል። ቀንሺና በዚህኛው በኩል ሞክሪ።"

ሞከረች። ያኛው በኩል ይሻል ነበር፤ ግን እኩሌታው እንኳ ሳይደርስ ከታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሲቲና በመስታወቱ አንድ ጊዜ ራሷን አየች። ሻሿን ያላለቀው ፀጉር ላይ አሰረች፣ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። አንዳንድ ጊዜ ስደውልላት ልጆች ሲጮኹ ይሰማኛል፤ "ኋላ እደውላለሁ" ትልና ትዘጋዋለች።

እኅቶቼ፣ የምንኖርበት ጥግ ቢሞቀንም በሌላ ሰው ስም ነው። ሁሉ የሚሟላበትን ቀን ብንጠብቅ፣ የተሟላው ቀን ሲመጣ ምድጃው ተነሥቶ፣ እጃችን ጨው ረስቶ ያገኘናል። ዛሬ በዕረፍት ሰዓታችሁ ትንሿን ሥሩ፤ ለማይሸነግላችሁ ሰው አሳዩ፤ የጎደለውን ጠይቁ፤ ቢስቁባችሁ አብራችሁ ሳቁ። ቀሪውን እግዚአብሔር ያውቃል።

ዕቃ ማስቀመጥ እስከ ዛሬ አልተውኩም። ካርቶን ይዛ የምትመጣን ሴት እቀበላታለሁ፣ ሻይ አፈላላታለሁ። ከዚያ ግን የሲቲናን ቢላዋ አቀብላታለሁ።