ረጅሙ ለዳክዬ፣ አጭሩ ለቆቅ

ነፋሱ ገና ሳይነጋ ከደቡብ ምሥራቅ ዞረ። የፓራና ደሴቶች ሰው ይህን ነፋስ ያውቀዋል፤ ወንዙን ከባሕር በኩል እየገፋ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ጠብታ ዝናብ ሳይወርድ መሬቱን ያሰጥመዋል። ራሚሮ ግን ዳክዬዎቹን እያሰበ ታንኳውን በጥድፊያ ከሸምበቆ ጋር አሰረና የሚስቱን አባት፣ ዶን ኤሌውቴሪዮን፣ ተከትሎ በውሃ የተከበበ ጉብታ ላይ ወጣ።

ሁለት ጠመንጃ ይዟል። ሽማግሌው ከቤት ሲነሡ ነግረውት ነበር።

«ዳክዬ ከፍ ብሎ ነው የሚበረው፤ ረጅሙን አሥራ ሁለት ቁጥር ያዝ። ቆቅ ከእግርህ ሥር ነው የምትነሣው፤ ለሷ አጭሩና ቀጭኑ ሃያ ቁጥር ይበቃል። ሁለቱን ባንድ ቀን አትውሰድ።»

«ጠዋት ዳክዬ፣ ከሰዓት ቆቅ፤ ምን አለበት ዶን?» ብሎ የሁለቱንም ጥይት ባንድ ከረጢት ከተተ።

ዳክዬዎቹ በመንጋ መጡ። ራሚሮ በድንግዝግዙ፣ በደነዘዙ ጣቶቹ ረጅሙን አጎረሰና ምላጩን ሳበ። ቀጭ አለ። ከፈተው፤ ባዶ ነው። ሌላ ጥይት ሊጨምር ሲል ሽማግሌው የእጁን አንጓ ያዙት።

«ተው! በአፈሙዙ ወደ ሰማይ ተመልከት።»

ብርሃን አይታይም። ቀጭኗ የሃያ ቁጥር ጥይት ወደ ውስጥ ተንሸራታ ተወትፋለች።

«ሌላ ደርበህባት ቢሆን ይፈነዳ ነበር፤ ልጄም እጅ የሌለው ባል ታጎርስ ነበር» አሉ ሽማግሌው።

አፈሙዙ ውስጥ ሸምበቆ ሰክተው ገፉ፤ ሸምበቆው ተሰበረ። ቀና ሲሉ ታንኳዋ የለችም።

ውሃው ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ጉልበት ደረሰ። በደሴቶቹ ልማድ ተከታትሎ የተተኮሰ ሦስት ጥይት የሰማ ሁሉ የሚጠጣውን የማቴ ሻይ አስቀምጦ መቅዘፊያ ያነሣል። ራሚሮ በአጭሩ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ደግሞ ሦስት። ከሸምበቆው ማዶ የሞተር ጀልባ ቀረበች፤ አለፈች።

«ሰምተውናል እኮ!» ብሎ ጮኸ።

«ቢሰሙስ? በዚህ ነፋስ ማን ይቆጥርልሃል? የዚህችን አጭር ጠመንጃ ድምፅ ሁሉም ያውቀዋል፤ ቆቅ አዳኝ ነው ብለው ነው።»

የቀረው ጥይት ውሃ ገብቶት አልተኮስ አለ። ጭቃው ላይ ወዳቆሙት ረጅሙ ጠመንጃ ጎርፉ ያባረረው መርዘኛ እባብ እየዋኘ መጣና ተጠመጠመበት።

«ደግ ነው፣ ለአንዱ ጠቀመ» አሉ ሽማግሌው። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

ውሃው ደረታቸው ላይ ሲደርስ ቀልዳቸውም ቆመ። ራሚሮ በብብታቸው ሥር ደግፎ ያዛቸው። ሊተኩሰው፣ ሊቀዝፈው፣ ሊቆርጠው የሚችለው ነገር አልነበረም። እባቡ ያየዋል፤ እሱም እባቡን ያያል።

ቀትር ላይ ጎረቤታቸው አንሴልማ ባዶ ታንኳቸውን ከጀልባዋ ኋላ እየጎተተች ከሸምበቆው መሐል ብቅ አለች።

«ባለቤት የሌላት ታንኳ ደጄን ስትደበድብ አይቼ ነው የመጣሁት! ጥይት? ኧረ ምንም አልሰማሁ!»

ቤት ሲደርሱ ራሚሮ፣ እባቡን በመቅዘፊያ አባረው ያመጡትን የረጅሙን ጠመንጃ አፈሙዝ በመጥረጊያ እንጨት ገፋው። ቢጫዋ የሃያ ቁጥር ጥይት ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ሽማግሌው ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ አዩት።

«ዛሬ ከሠራኸው ሁሉ የጠቀመን ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ያላጠበቅከው ቋጠሮ።»

ራሚሮ ከረጢቱን ዘረገፈና ቀዩን አሥራ ሁለት ቁጥር ወደ አንድ ወገን፣ ቢጫውን ወደ ሌላው፣ አንድ በአንድ መለየት ጀመረ።