ጭንቅላቱ ጅራቱ ላይ የሆነው አውሬ

ጆሮ ያላችሁ ጆሯችሁን አቁሙ። ጥርስ ያላችሁ ጥርሳችሁን ደብቁ። የዛሬው ታሪክ የጥርስ ነው!

በአንድ ደረቅ ወንዝ ዳር አንዲት ትንሽ ጃርት ትኖር ነበር። ስሟ ሹሌ ነው።

ጃርቶች ቀን ይተኛሉ። እናንተ ወደ አልጋችሁ ስትሄዱ ሹሌ «ኣኣኣህ!» ብላ ተንጠራርታ ትነሳለች።

ጃርቶች ደግሞ አጥንት ይሰበስባሉ። ጥርሳቸው ማደጉን አያቆምማ! እንዳይረዝምባቸው አጥንት ይግጣሉ። ክርት! ክርት! ክርት!

በዚያ ወንዝ ዳር አጥንት የሚሰበስብ ሌላም ነበር። ጅቡ ድንፎ! ድንፎ ትልቅ ነው። ድምፁ ደግሞ ከእሱም ይበልጣል።

«ከኔ አጥንት የሚበልጥ አጥንት የታለ?» ይላል ሁልጊዜ። «ካለሽ አምጪዋ፣ አንቺ ትንሿ ማበጠሪያ!»

ሹሌ ማበጠሪያ መባል አትወድም።

በወንዙ ዳር አንድ ልማድ አለ። አዲስ አጥንት ያገኘ ስም ያወጣለታል።

እስከ ዛሬ ስም ያወጣው ድንፎ ብቻ ነው። ይህ አጥንት «ድንፎ» ይባላል። ያኛውም «ድንፎ» ይባላል። ያ ማዶ ያለውም «ድንፎ» ነው።

ሹሌም አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስም ማውጣት ትፈልግ ነበር።

አንድ ምሽት አሸዋውን ጫረች። ጫር! ጫር! ጫር! አንድ ነጭ ነገር ብቅ አለ።

«እንዴ!» አለች ሹሌ። እሾኋ ሁሉ ቆመ። ሽርርርር!

አጥንት ነው! ጫር! ጫር! ሌላ አጥንት። ጫር! ጫር! ደግሞ ሌላ! ከትልቁ ቋጥኝ እስከ ግራሩ ድረስ አጥንት፣ አጥንት፣ አጥንት!

መጨረሻ ላይ ጭንቅላቱ ወጣ። ሹሌ አፉ ውስጥ ገብታ ቆመች። አናቷ ላንቃውን እንኳ አልነካም!

እንዲህ ያለ አውሬ ማንም አይቶ አያውቅም። የዛሬ አውሬ አይደለም። የድሮ፣ የድሮ፣ የድሮ አውሬ ነው።

ጃርት ያገኘችውን አጥንት ሳትቀምስ አትሄድም። ሹሌም መንጋጋውን ትንሽ ጋጠችው። ክርት! ክርት! ክርት!

ከዚያ ጆሮው ወደነበረበት ቦታ ጠጋ ብላ «ስምህ ረዝሜ ነው» አለችው። «ማታ ለሁሉም እነግራለሁ።»

ፀሐይ ወጣች። ሹሌ ወደ ጉድጓዷ ሮጣ ተኛች።

ማታ ስትመለስ አሸዋው ባዶ ነው። እግር የለም። ጅራት የለም። ጭንቅላት የለም።

«እንዴ!» አለች ሹሌ። እሾኋ ሁሉ ቆመ። ሽርርርር!

ከወዲያ ማዶ ድምፅ ተሰማ። «ኑ! ኑ! ጉድ እዩ! አገኘሁ! እኔ ድንፎ አገኘሁ!»

ሹሌ እየሮጠች ሄደች። አውሬው የድንፎ ዋሻ በር ላይ ተዘርግቷል። ሚዳቋዋ፣ ጦጣው፣ ከርከሮው፣ ሁሉም ከበውታል።

«ስሙ ድንፎ ታላቁ ነው!» አለ ጅቡ።

«ድንፎ ታላቁ! ድንፎ ታላቁ!» ሁሉም አጨበጨቡ።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት!» አለች ሹሌ። ድምጿ ግን ትንሽ ነው። ጭብጨባው ትልቅ ነው። ማንም አልሰማትም።

እንባዋ መጣ። በእንባዋ መሃል አጥንቱን አየችው። ዓይኗን ጠርጋ ደግማ አየችው።

«እንዴ!» አለች ሹሌ። እሾኋ ሁሉ ቆመ። ሽርርርር!

ጭንቅላቱ ጅራቱ ላይ ነው!

ጦጣውም ራሱን አከከ። «ጋሽ ድንፎ፣ ይሄ አውሬ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደዚህ ነው ወይስ ወደዚያ?»

«ጅራቱ ጫፍ ላይ ነው ጭንቅላቱን ያደረጉት!» አለች ሹሌ።

ድንፎ ሳቀ። «ይህማ አንገቱ ነው! አንገት ረጅም ነው፣ ጅራት አጭር ነው። የኔን አታዩም?» ዞረና አጭሯን ጅራቱን ወዝወዝ አደረጋት።

ይሄኔ አሮጊቷ ኤሊ እማማ ቀስቴ ደረሱ። በወንዙ ዳር ጠብ ሲነሳ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው።

«እስቲ ጭንቅላቱን ግጠሙት፣ ልጆቼ» አሉ።

በረጅሙ ጫፍ ገጠሙት። ኳ! ወደቀ። እንደገና ገጠሙት። ኳ! ወደቀ።

«በዚያኛው በኩል ሞክሩት» አለች ሹሌ። በዚያኛው በኩል ገጠሙት። ቀጭ! ልክ ገባ።

«እንዴ!» አሉ ሁሉም።

«እሺ፣ ጭንቅላቱን ተሳሳትኩ» አለ ድንፎ። «ያገኘሁት ግን እኔ ነኝ! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!»

«አጥንቱን ቀምሰውታል፣ ጋሽ ድንፎ?» አለች ሹሌ።

«እንዴታ! ይኸው የጥርሴ ምልክት!» ድንፎ መንጋጋውን አሳየ። መንጋጋው ላይ ቀጫጭን መስመሮች አሉ።

እማማ ቀስቴ ሌላ አጥንት አንስተው ሰጡት። «ይሄንንም ቅመስልን፣ ልጄ።»

ድንፎ ነከሰው። ቋ! አጥንቱ ፍርክስክሱ ወጣ። አንድም መስመር የለበትም።

ለሹሌም ሰጧት። ክርት! ክርት! ክርት! ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ተሰለፉ። ልክ መንጋጋው ላይ እንዳሉት!

«እንዴ!» አለ ድንፎ ራሱ። ጆሮዎቹ ወደቁ።

«እኔም እኮ... ነገ ላገኘው ነበር» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ነገን ተወው» አሉ እማማ ቀስቴ። «ማን ነው ያገኘው?»

«ሹሌ» አለ ድንፎ። እንደ ትንኝ ነው የተናገረው።

ሹሌ ፊቱ ቆመች። «አልተሰማም፣ ጋሽ ድንፎ። ‹እኔ ነኝ› ሲሉ ጮኸው አልነበር? ‹እሷ ናት› ሲሉም ይጩሁ።»

ሁሉም ወደ ድንፎ ዞሩ።

ድንፎ አየር ሳበ። ሆዱ ተነፋ። ከዚያ በዚያ ትልቅ ድምፁ ጮኸ፦

«ያገኘችው ሹሌ ናት! ሹሌ ናት!»

ተራራውም «ናት! ናት! ናት!» አለ።

«ስሙስ ማን ይባል?» አሉ እማማ ቀስቴ።

ሹሌ በትንሽ ድምጿ «ረዝሜ» አለች። አሁን ሁሉም ሰማት።

እናንተም በሏ፦ «ረዝሜ! ረዝሜ!»

ሰማዩ ቀላ። ሹሌ ወደ ቤቷ ገባች። እናቷ ነቅታ ትጠብቃት ነበር።

«ስምሽን እንደዚያ እየጮኸ የጠራው ማን ነው?»

«ጋሽ ድንፎ ነው፣ እማዬ። እውነቱን ተናገረ።»

«እንዴ!» አለች እናቷ። እሾኋ ሁሉ ቆመ። ሽርርርር!

ከዚያ እሾኋን አስተኛች፣ አንድም ሳታስቀር። ሹሌንም እቅፍ አደረገቻት።

ፀሐይ ወጣች። ሹሌ ተኛች። በወንዙ ዳር ረዝሜም ተኝቷል። ጭንቅላቱ በጭንቅላቱ ቦታ፣ ጅራቱ በጅራቱ ቦታ።

እናንተስ? ጭንቅላታችሁ ትራሱ ላይ ነው?

እንግዲያው ደህና እደሩ።