ከድንጋዩ ስር የመጣው የልብ ምት

ይሄ ተረት አይደለም። ያላመነ ወንድሜን ሰርዋትን ይጠይቅ... እሱ ግን ስለዚያ ቀን አያወራም።

ሐሙስ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ካይሮ፣ ከሙቀጠም ተራራ ግርጌ ባለው የቤተሰባችን መቃብር ግቢ ውስጥ።

አባቴን ሐጅ ሩሽዲን ገና መቅበራችን ነበር። ጠዋት ቁርስ እየበላ ወደቀ። ሐኪሙ መጥቶ አልቋል አለን። አጎቴ አብደልተዋብ ደግሞ ሬሳ እንዳናቆይ አጣደፈን። እኛ ዘንድ የሟች ክብሩ ቶሎ መቀበሩ ነው።

አባቴ የልብ ሕመምተኛ ነበር። የልብ ምቱን የሚከታተልለት ነገር ልንገዛ ሱቅ የሄድን ዕለት ሰርዋት ትልቁን ስማርት ሰዓት መረጠ። አባቴ ሳቀበት። ሃምሳ ዓመት ሰዓት አስሬ አንድ ቀን በጊዜ ደርሼ አላውቅም አለ። ደግሞ ለሶላት በታጠበ ቁጥር አውልቆ የትም ይረሳዋል።

እኔ ስማርት ቀለበቱን መረጥኩለት። ውሃ አይጎዳውም፣ አይወልቅም፤ የልብ ምቱንም ወደ ስልኬ ይልካል። ወርቅ ለወንድ ስለማይፈቀድ ብርማውን ወሰድን። ሻጩ ጠበቅ ሲል ነው በደንብ የሚያነበው አለኝ።

ጠበቅ ያለውን ገዛሁ።

ጣቱ አብጦ ስለነበር ሬሳ አጣቢው ቀለበቱን ሊያወልቅ በሳሙናም በዘይትም ሞክሮ አቃተው። ሬሳ ማቁሰል ሐራም ነው ብሎ ተወው። አባቴ ከነቀለበቱ ገባ።

የኛ መቃብር አፈር አይለብስም። ከመሬት በታች ያለ ክፍል ነው። ሟቹ ወለሉ ላይ ይጋደማል፣ መውረጃው በነጭ ድንጋይ ይዘጋል።

ለቀስተኛው ሄደ። እኔም ልወጣ ስል ስልኬ ነዘረ...

"የልብ ምት 44። እረፍት ላይ ነዎት።"

የቆየ መልእክት መሰለኝ። ቆሜ አየሁት።

46...

51...

ፈራሁ። ከፍርሃቴ በላይ ግን ደስ አለኝ። አባቴ አልሞተም!

"ሰርዋት... ና እስቲ።"

አየና ከንፈሩ ነጣ።

"ዝጋው" አለኝ በሹክሹክታ። "አጎቴ እንዳያይ።"

አጎቴ ግን አየ። መቃብሩን እናስከፍት ብዬ እጁን ስሜ ለመንኩት። የመቃብር ጠባቂው አባባ ኸለፍ ያለ እሱ ፈቃድ ድንጋዩን አይነካም።

"አንተ ልጅ፣ ወንድሜን ለመጫወቻ ብለህ አታዋርደውም" አለኝ አጎቴ። "ዕቃ ይዋሻል። ሐኪም ነው ያየው።"

78...

ድንጋዩ ላይ ተደፋሁ፣ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ምንም አይሰማም።

112...

ስልኩ እንደገና ነዘረ።

"እንቅስቃሴ የጀመሩ ይመስላል። ይመዝገብ?"

ያ ትሕትናው፣ ያ "ይመዝገብ" ማለቱ እስከ ዛሬ ያመኛል።

"አጎቴ፣ በአላህ... ነቅቷል። ጨለማ ውስጥ ነቅቷል።"

አጎቴ ፊቱን አዙሮ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። ሰርዋት በእጁ ድንጋዩን ሊፈነቅል ታገለ፤ ንቅንቅ አላለም።

143...

139...

ከዚያ መውረድ ጀመረ። ቀስ እያለ... ቀስ እያለ... በመጨረሻ በቁጥሩ ቦታ ባዶ ሰረዝ መጣ።

ያኔ ነው አጎቴ የፈቀደው።

"ክፈትላቸው" አለው አባባ ኸለፍን። "አይተው ይረፉ።"

ድንጋዩ ተነሳ። ከሰርዋት ጋር ፋኖስ ይዘን ወረድን።

አባቴ እንዳስቀመጥነው ነው። በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ። ከፈኑ፣ የተገነዘበት ጨርቅ፣ አልተጨማደደም። ራሳችን ከላዩ የበተንነው ጥቂት አሸዋ እንኳን አልተነካም።

"ምን አያችሁ?" አለ አጎቴ ከላይ።

"እንዳለ ነው" አለ ሰርዋት። ድምፁ ውስጥ እፎይታ ነበር።

እኔም ላምን ፈለግኩ። ለመሰናበት ብዬ እጁን ከከፈኑ ስር አወጣሁት፣ ልስመው። በረዶ ነው።

ሰርዋት ፋኖሱን አቀረበልኝ...

ጥፍሮቹ እስከ ሥጋው ተሰባብረዋል። ውስጣቸው ነጭ የድንጋይ ብናኝ ሞልቷል።