ያፊት የተረጎመችው ቃል

«አየህ አባተ፣ ሒዩቪ ነው! ልጄ ናት ያነበበችልኝ» አለ ገበየሁ፣ ከጤና መድን ድርጅቱ ከኩፓት ሖሊም በፖስታ የመጣለትን የምርመራ ውጤት ለጎረቤቱ እያሳየ።

ያፊት ዶራ ሰፈር ካለው ሕንፃቸው ደረጃ ላይ ከአባቷ ጎን ቆማ ፈገግ አለች። ለገበየሁ ዕብራይስጥ ማንበብ ዳገት ነው፤ እሷ ግን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ባዮሎጊያ ትማራለች፣ አፏም አያርፍም። አባቷ ሃምሳ ሲሞላው የሰገራ ምርመራ ታዞለት ነበር፤ በዓይን የማይታይ ደም እንዳለ ለማወቅ። ታላቅ ወንድሙ በአንጀት ካንሰር ስለሞተ ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ። ያፊት «ሒዩቪ» የሚለውን ስታይ አላመነታችም። በዕብራይስጥ ሒዩቪ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው፤ ሒዩቪ መልስ «እሺ» ማለት ነው። ከታች «ሐኪምዎን በአስቸኳይ ያነጋግሩ» የሚለውንም «እሱ ለሁሉም ሰው ይጻፋል» ብላ አለፈችው።

«ምን ማለት ነው እሱ ልጄ?» አሉ ጋሼ አባተ።

«ሜታቦሊዝሙ ከኤንዚሚሞቹ ጋር ተመጣጥኗል ማለት ነው፣ ጋሼ። ሴሎቹ ኤነርጊያ ሒዩቪት አላቸው።»

ምን እንዳለች ራሷም አታውቅም። ጋሼ አባተ ግን ኮፍያቸውን ከፍ አደረጉላት። «ኮል ሃካቮድ፣ ጎበዝ፣ ዶክተር!»

በማግስቱ የባዮሎጊያ መምህሯ ሐጊት ሰሌዳው ላይ ያንኑ ቃል ጻፈች። «በላብራቶሪ ሒዩቪ ማለት የተፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ነው» አለች። «ኮሮና ሒዩቪ ስትባሉ ቤት ተዘግቶባችሁ የከረማችሁትን ረሳችሁት?»

ክፍሉ ሳቀ። ያፊት የአባቷን ወረቀት አስታወሰች። ይህንን እኮ ታውቀው ነበር፤ ለማወቅ ከመቸኮሏ ይልቅ አዋቂ ለመባል ቸኮለች እንጂ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ንፍጥስ ይታጠባል። የተፈለገው ደም ነበር፣ ደሙም ተገኝቷል። ፈራች፤ ከፍርሃቷም በላይ አፈረች።

ወደ ቤት ስትሄድ መውጫ መንገድ አገኘች። «ደውለው ነበር፣ ለተራ ክትትል ና ብለውሃል» ብትለው ማን ያውቅባታል? አባቷም ይታከማል፣ የእሷም ስም አይጎድፍም። በልቧ ደጋግማ አጠናችው።

ገበየሁ ፖሌግ ካለው ፋብሪካ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እየሳቀ ገባ። «ወሬሽ እኮ መሥሪያ ቤቴ ደርሷል» ብሎ የታጠፈ ወረቀት ዘረጋላት። «አብራኝ የምትሠራዋ ባንች የላከችው ነው። የደም ምርመራዋን ያቺ ልጅህ ታንብብልኝ አለች።»

ያፊት ወረቀቱን አየችው። ያጠናችው ውሸት ከአፏ ጠፋ።

«አባ፣ ተሳስቻለሁ። ሒዩቪ ማለት ደም ተገኘ ማለት ነው። ሐኪም ቶሎ ማየት አለብህ።»

ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። «ያ ኤንዚሚም ያልሽውስ?»

«እሱንም አላውቀውም። እንዲያው ነው ያልኩት።»

ገበየሁ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንደ ወንድሜ ነው እንዴ?» አላት።

ሊያጽናናው የሚችል ስንት ትልልቅ ቃል አፏ ላይ መጣ።

«አላውቅም፣ አባ» አለች። እንባዋ መጣ፤ ሆኖም ስልኩን አንስታ ወደ ኩፓት ሖሊሙ ደወለች፤ እሱም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው።

ነርሷ መዝገቡን አይታ በፍጥነት መናገር ጀመረች፤ ሐኪሙ ነገ ጠዋት ያየዋል፣ ከዚያ ኮሎኖስኮፒያ ይታዘዝለታል። ገበየሁ እንደ ልማዱ የልጁን ፊት አየ።

«ይቅርታ» አለች ያፊት በዕብራይስጥ፣ «ያንን ኮሎኖስኮፒያ ያልሽውን ቃል አላውቀውም። ቀስ ብለሽ አስረጂኝ፤ ለአባቴ የምተረጉምለት እኔ ነኝ።»