ትከሻ የማይመታ ጠመንጃ

አለቃ ውሃው ዳር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጥይቱ ከኋላ ገብቶ ዳሌውን በስቶ ወጥቷል።

ያገኘው ሹፌሩ ነው። ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነው፣ ሸሚዙን ቀዶ ቁስሉን አሰረለት፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ክላክሱን እያንጫረረ ሆስፒታል አደረሰው። ዶክተሮቹ «ትንሽ ብትዘገይ አልቆለት ነበር» አሉት። እሱም ተመስገን ብሎ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለ። እዚያው እንደተቀመጠ ካቴና ገባለት። የዚህ ዓለም ነገር እንዲህ ነው፤ ደግ ሠርተህ ላብህ ሳይደርቅ ይይዙሃል።

ለመያዙ ምክንያት አልጠፋም። የአደኑ ወቅት ሊከፈት ስለነበር ድንኳን ሊተክሉ ቀድመው ጫካ የገቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አስጎብኚና አዳኝ የሆነው አለቃ፣ ታናሽ ወንድሙና ሹፌሩ። ጠመንጃም ሁለት ነው፤ የአለቃ አሮጌውና ለታናሹ በቅርቡ የተሠራው። ሁለቱም ጎሽ የሚጥሉ ናቸው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ወደፊት የሚገድለውን ያህል ወደ ኋላ ይራገጣል። የተኮሰ ሰው ትከሻው በልዞ ይሰነብታል። ፖሊሶቹ ይህን ስለሚያውቁ ታናሹንና ሹፌሩን ሸሚዝ አስወለቋቸው።

የታናሹ ትከሻ ላይ ከድሮ የቀዶ ጥገና ጠባሳ በቀር ምንም የለም። የሹፌሩ ትከሻ ግን ቀይ ሥር መስሏል።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው መርማሪዋ።

«ጎማ ስቀይር መታኝ።»

«ጎማ ትከሻ ላይ ይወጣል እንዴ?»

ሸሚዙን መልሶ ትከሻው ላይ ጣለ።

«የአለቃ ጠመንጃ ባሩድ ባሩድ ይሸታል። የሌላኛው ዘይት ዘይት ነው የሚለው። በአለቃ ጠመንጃ ማን ተኮሰ?»

ሹፌሩ መሬት መሬት አየ። «እኔ ነኝ። ግን ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሰው ላይ አይደለም! ቆርቆሮ ላይ ነው፣ ከአንድ ቀን በፊት። ስንት ዓመት ስሸከመው ኖሬ አንዴ እንኳ ልሞክረው ብዬ ነው። አለቃ ከሰማ ያባርረኛል ብዬ ዋሸሁ። አንዴ ብተኩስ በቂጤ ተቀመጥኩ እኮ እህትዬ!»

አንዱ ፖሊስ ሳቀ። መርማሪዋ አልሳቀችም። የዋሸ ሰው እውነት ሲናገርም ውሸት ይመስላል። ወደ ክፍሉ መለሰችው።

ባልደረቦቿ «መዥገር» ይሏታል፤ ከያዘች አትለቅም። ታናሹን አስጠራችው። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«ያንተ ጠመንጃስ?»

«ምን አሉኝ?» ጭንቅላቱን ወደ እሷ ዘንበል አደረገ።

«ጠመንጃህ!»

«ሳጥኑ ውስጥ ነው። አዲስ ነው፤ አንድ ጥይት አልተኮስኩበትም። መኪና ከተገለበጠብኝ ወዲህ ትከሻዬ በብረት ነው የተያያዘው። ሐኪሜን ይጠይቁ። ጋሼ ነው ካላሠራሁልህ ብሎ ግድ ያለኝ።»

«ማንን ትጠረጥራለህ?»

«እ?»

ደገመችለት። ድንጋጤ ነው ብላ አዘነችለት።

«እኔ ማንንም አላማም። ሹፌሩን ግን ጋሼ በቀደም በሰው ፊት አዋርዶት ነበር።»

አለማማት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ተኳሹ የተደበቀበትን ቦታ ለማግኘት አልተቸገረችም። ከውሃው ማዶ አንድ ኩይሳ አለ፤ ከሥሩ ሰው በሆዱ ተኝቶበት ሣሩ ታሽቷል። ቀለሁ የለም፣ ተለቅሟል። የገረማት አፈሩ ነው። ከፊት ለፊት ያለው ዱቄት የመሰለ አቧራ እንዳለ ተቀምጧል። ግራና ቀኙ ግን በመጥረጊያ የተጠረገ ያህል ተገልጧል። ነፋስ ደግሞ በሁለት በኩል አይጠርግም።

«ከርከሮ ተንከባሎበት ይሆናል» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

ከርከሮስ አንተ ነህ ልትለው አማራት። ተወችውና ፎቶ አነሳች።

ከዚያ ሆስፒታል ሄደች። አለቃ በጀርባው ተኝቷል። ከእንግዲህ እንደማይራመድ ነግረውታል። ታናሹ አጠገቡ ሆኖ በማንኪያ ሾርባ ያጎርሰዋል፣ አገጩን ይጠርግለታል። ነርሶቹ «ወንድም ካልቀረ እንዲህ ነው» እያሉ ያልፋሉ። መርማሪዋ ታናሹን «ለአፍታ ውጣልን» አለችው።

«ጠላት አለዎት?»

«በእኔ የአደን ፈቃድ ተከልሎ ያለ ወቅቱ አውሬ የሚያስገድል ሰው አለ» አለ አለቃ። «የአውሬዎቹን በድን በዓይኔ አየሁ። ሰኞ የዱር አራዊት ቢሮ ሄጄ ላመለክት ነበር። እነሱ ደግሞ አጣርተው አያጡትም። ያ ሹፌር ነው! በገዛ መኪናዬ!»

«ሊያመለክቱ እንደሆነ ሹፌሩ ያውቅ ነበር?»

«ከየት ያውቃል? ለወንድሜ ብቻ ነው የነገርኩት። አብረን እንይዘዋለን ተባባልን።»

የመርማሪዋ እስክሪብቶ ቆመ። «ለሌላ ለማንም አልነገሩም?»

አለቃ ገባው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ተይ! ተይ፣ እንዳትይው! እናታችን ስትሞት ገና ዳዴ ይል ነበር። በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩት። ነገ ከዚህ አውጥቶ ወደ ቤቱ ይወስደኛል፤ ከእንግዲህ የሚያገላብጠኝም የሚያበላኝም እሱ ነው። ደሞስ በየትኛው ትከሻው ይተኩሳል?»

ነገ የምትለዋ ቃል መርማሪዋን ወጋቻት። ተሳስታ ከሆነ አንድ ምስኪን ወንድም ላይ ጭቃ ቀብታለች። ካልተሳሳተች ግን ይህ ሰው ሊገድለው ከሞከረው ሰው ጋር አንድ ቤት ሊገባ ነው፤ ያውም መሸሽ በማይችል እግር።

የታናሹን ጠመንጃ ከነሳጥኑ ይዛ ወደ ጠመንጃ ሠሪው በረረች። ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ የሚሠራ አዛውንት ነው። ሱቁ የእንጨት ፍቅፋቂና ዘይት ይሸታል። ሰውየው ሲበዛ ለፍላፊ ነው፤ ለእሷ ግን እሰየው ነው።

«አባቴ፣ ይህን የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ እንጂ! ምን አለፋሽ ልጄ፣ እንደዚህ ያለ ዳግመኛ አልሠራም። ሰደፉን ቦርቡሬ እርሳስ ሞላሁበት፤ ጠመንጃ ሲከብድ ርግጫው ይቀንሳል። ጫፉ ላይ ለስላሳ ጎማ። ቁመቱን በልጁ ክንድ ልክ ቆረጥኩት፤ ያልተለካ ሰደፍ ነው ትከሻ የሚሰብረው። አፈሙዙ ላይ ደግሞ ይቺ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ቱቦ አለች። የባሩዱን ትንፋሽ ወደ ጎን እያወጣች ጠመንጃው ወደ ኋላ እንዳይዘል ትይዘዋለች።»

«ወደ ጎን አሉኝ?»

«ወደ ግራና ወደ ቀኝ። ክፋቷ ጩኸቷ ነው። ጆሮውን ሳይደፍን የተኮሰባት ሰው ይደነቁራል። ልጁን በደንብ ንገረው ብዬ ለአለቃ አስጠንቅቄው ነበር።» ሽማግሌው ፈገግ አለ። «ያ ሰውዬ እኮ ጉድ ነው! እስኪለሰልስ ድረስ በገዛ ትከሻው እየተኮሰ ነው ያሠራኝ። ትከሻው ተላልጦ እንኳ፣ ገና ነው፣ ወንድሜን ያመዋል፣ ሌላ ጨምርበት ይለኝ ነበር።»

«ሲያስረክቡ ተተኩሶበት ነበር የሄደው?»

«እንዴ! ወልውዬ፣ መስታወት አስመስዬ ነው የሰጠሁት።» ቱቦዋን ወደ ብርሃን ይዞ አጮለቀ። ጣቱን ቀዳዳዋ ውስጥ ሰደደ። ጣቱ ጥቁር ሆኖ ወጣ። «ተተኩሶበታል። ውስጡን ጠርጎ ዘይት ቀብቶታል፣ የቱቦዋን ቀዳዳዎች ግን ረስቷቸዋል።»

ከከተማ ወጥተው ባዶ ሜዳ ፈለጉ። መርማሪዋ ጆሮዋን ደፍና አቧራው ላይ በሆዷ ተኛች። ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ቀጭን ሴት ናት። ቃታውን ሳበች። ትከሻዋን የገፋት፣ ወዳጅ ከኋላ መጥቶ መታ የሚያደርገውን ያህል ነው። ቀና ስትል አቧራው ግራና ቀኝ ተጠርጓል፤ ልክ ፎቶው ላይ እንዳለው።

ማለዳ ስትነሳ ትከሻዋን አየች። ቅላት እንኳ የለውም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ ሹፌሩ የታሰረው ለዚህች ለአንዲት ብልዝ ነው።

አንድ ፖሊስ አስከትላ ሆስፒታል ስትደርስ ታናሹ ተሽከርካሪ ወንበሩን አቅርቦ ብርድ ልብስ እያጠፈ ነው። ከኋላው ቆመች።

«ጠመንጃህን ይዤልህ መጣሁ» አለች በቀስታ።

አልዞረም። አለቃ ከአልጋው ሆኖ ሁለቱንም አየ።

ዞራ ፊቱ ቆመች። «ከመቼ ወዲህ ነው ጆሮህ አልሰማ ያለህ? የጆሮ ሐኪሙ ምድር ቤት ነው፤ እንውረድ?»

መርማሪዋ ያቺን ቱቦ አንሶላው ላይ አስቀመጠች። ስለ ጥቀርሻው ተናገረች፣ ስለ አቧራው ተናገረች፣ ስለ ገዛ ትከሻዋም ተናገረች። አለቃ አላያትም። የሚያየው ወንድሙን ነው።

«አልተኮስኩም በላት።»

ታናሹ ቱቦዋን ያያል።

«አልተኮስኩም በላት እንጂ!»

«ሰኞ ቢሮ እሄዳለሁ አልከኝ» አለ ታናሹ። «ብትሄድ የሚያገኙት እኔን ነበር። አውሬ የሚገድሉትን ሰዎች የማስገባው እኔ ነበርኩ።»

«አንተ? አብረን እንይዘዋለን ስትለኝ አልነበረም?»

«ምን ልበልህ ታዲያ?»

«ብትነግረኝስ? ፈቃዱ እኮ በስሜ ነው! እኔ ነኝ ያደረግኩት ብዬ እታሰርልህ ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ።» ታናሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። «አውቃለሁ! ስወድቅ አንተ፣ ስሰበር አንተ። ስም እንኳ የለኝም፤ የአለቃ ወንድም ነው የሚሉኝ። አንድ ነገር የራሴ ይሁን ብዬ ጀመርኩ፤ እሱንም ልትሸከምልኝ ነበር። መረረኝ!»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሰምተናል። ሲወድቁ ማየት ግን ሌላ ነው። አለቃ አልተሳደበም። ድምፁ ራሱ የሱ አልመስል አለ።

«የእኔ ጠመንጃ ድንኳን ውስጥ ነበረ። ለምን በዚያኛው ተኮስክብኝ? እንድትደሰትበት ያሠራሁልህን ለምን?»

ታናሹ አንገቱን ደፋ። «ያንተ ጠመንጃ ትከሻዬን ያሳምመዋል» አለ።

ፖሊሱ ቀርቦ የታናሹን እጆች ወደ ኋላ ጠመዘዘ። ታናሹ አቃሰተ።

«በፊት በኩል እሰረው!» ብሎ ጮኸ አለቃ። «ትከሻው አይችልም!»

ቃሉ ካመለጠው በኋላ ራሱም ደነገጠ። ፖሊሱ መርማሪዋን አያት፤ እሷም በጭንቅላቷ እሺ አለች። ካቴናው በፊት በኩል ገባ።

«ጋሼ...» አለ ታናሹ በሩ ላይ ሲደርስ።

«ጋሼ አትበለኝ። ሁለተኛ እንዲህ ብለህ እንዳትጠራኝ።»

ይዘውት ወጡ። አለቃ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። መርማሪዋ እስኪወጣለት ጠበቀችው።

«ሹፌሩን አሁን እፈታዋለሁ» አለችው በመጨረሻ። «እርስዎን ከዚህ የሚወስድ ሌላ ዘመድ አለ? ልደውልለት።»

«የለም» አለ ከብርድ ልብሱ ሥር። «እሱ ብቻ ነበር ያለኝ።»