ከካዛብላንካ አልጀርስ ስንት ሰዓት ነው?

«ሻዬን እንኳ ሳልጨርስ አልጀርስ ደረስኩ!» አለ ሚሉድ፣ ማር የጠጣ ብስኩት እያላመጠ። «አብራሪው ፍሬን ባይዝ ኖሮ አልፈናት ግብፅ ነበርን።»

እማማ ረቂያ ከት ብላ ሳቀች። የልጅ ልጇ ቡሽራ ግን ፈገግም አላለች። አጎቷ ሚሉድ በቀደዳ በመላው ካዛብላንካ አቻ የለውም፤ እሱ ወሬ ሲጀምር የወደቡ መርከቦች እንኳ ጉዟቸውን ትተው ያዳምጡታል። የዛሬው ግን የተለመደው ቀደዳ አልመሰላትም።

ሐሙስ ዕለት ሚሉድ እማማ በእጇ የሰፋችውን ረጅም የክት ቀሚስ፣ ካፍታን፣ ይዞ አልጀርስ ወዳለችው እህቷ ወደ ዙሊኻ ሄደ። እሑድ ተመለሰ።

ቡሽራ ስልኳን ከጠረጴዛው ሥር ከፈተች። በአየር አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ። ቀጥታ በረራ ስትፈልግ ግን የለም። ሁለቱ አገሮች ከተኳረፉ ወዲህ ሰማዩም ተዘግቷል። ያለው አማራጭ በቱኒስ ወይም በፓሪስ ዞሮ መሄድ ነው።

ታዲያ አጎቷ በየትኛው ሰማይ በረረ? እዚሁ አገር ውስጥ፣ ታንጀር ከተማ፣ ጓደኞች አሉት። ካፍታኑን እዚያ ሽጦ ሲዝናና ሰንብቶ ቢሆንስ?

«ዙሊኻ ወደደችው?» አለች እማማ።

«ለብሳው ስትወጣ እሷን ለማየት ጎረቤቱ ተሰልፎ መንገድ ተዘጋ! ፖሊስ ነው የበተነው!»

«በቃ፣ እኔም እሄዳለሁ። ጉልበቴ ቢያመኝም ለሁለት ሰዓት ምን አለበት? ቁጭ ብዬ አይደል?» ብላ እማማ ሻንጣ ፍለጋ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ሚሉድን ብስኩቱ ትን አለው።

«አጎቴ፣ አትፎግረኝ» አለች ቡሽራ ጠጋ ብላ። «ቀጥታ በረራ የለም። ታንጀር ነበርክ፣ አይደል? ካፍታኑን ሸጥከው?»

«ቀስ በይ፣ ትሰማለች!» ስልኩን አውጥቶ ጆሮዋ ላይ ለጠፈው። የተቀዳ የአሮጊት ድምፅ ነበር፣ የዙሊኻ፦ «ረቂያ፣ ካፍታኑ ልክክ ብሎልኛል። ይህ ልጅሽ ግን ሐሙስ ጠዋት ወጣሁ ብሎ ዓርብ መጣ! በአህያ ነው እንዴ የላክሽው? ሾርባው ስንቴ እንደሞቀ አትጠይቂኝ!»

ቡሽራ ፊቷ ቀላ። «ለእማማ የተላከ ነው እኮ። ለምን ደበቅከው?»

«ቱኒስ አየር ማረፊያ ወንበር ላይ አደርኩ። አንገቴ እስካሁን አይዞርም።» በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያጋንን መናገሩ ነበር። «እማማ ድንበሩ መዘጋቱን ታውቃለች። ሰማይ ይዘጋል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ሁለት ሰዓት ነው እስካለች ድረስ እህቷ ቅርቧ ናት። እንዴት ልንገራት?»

«ቡሽራ!» አለች እማማ ከመኝታ ቤት። «እስቲ በስልክሽ እይልኝ፣ እስከ አልጀርስ ስንት ሰዓት ነው?»

ሚሉድ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በዓይኑ ለመናት። ቡሽራ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ገባች። እማማ ትንሽ ቦርሳ ከፍታ አንድ ሻርፕ እያጣጠፈች ነው። ቡሽራ ከቁም ሣጥኑ አናት ትልቁን ሻንጣ አወረደች፤ የራሷን ሹራብ ጨመረች፤ ከአልጋው ላይ ሁለት ትራስ አነሣች።

«ለሁለት ሰዓት ትራስ ምን ያደርጋል?»

«ቁጭ በይ፣ እማማ» አለች ቡሽራ፣ አጠገቧ እየተቀመጠች። «መጀመሪያ እህትሽን ስሚያት። ከዚያ መንገዱን እነግርሻለሁ።»

ድምፁን ከፈተችው።